ያልተጠየቀ ስንቅ፤ በሊኑክስ ስርጭቶች ታሪክ ውስጥ የትርፍ ጥቅሎች ነገር

መንገደኛ ስንቁን ሲያሰናዳ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊያገኘው ይችላል። አንደኛው የሚያስፈልገውን ትቶ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው የማያስፈልገውን ተሸክሞ መሄድ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ራብ በመጣ ጊዜ ወዲያው ስለሚታወቅ መድኃኒቱም ቅርብ ነው። ሁለተኛው ግን ትከሻን ቀስ በቀስ የሚያደክም ስለ ሆነ፥ መንገደኛው ድካሙን ከዳገቱ ወይም ከጫማው ይቈጥረዋል እንጂ ስንቁን አይጠረጥርም። በኮምፒዩተር ላይ አዲስ ስርዓተ ክወና በሚጫንበት ጊዜ የሚታየውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ሊኑክስ የተባለውን ስርዓት ገና አሁን ጭኖ የጨረሰ ሰው፥ ራሱ አንዳች ነገር ሳያበላሽ፥ ምክንያቱ የማይገባው የስሕተት መልእክት ሲመጣበት ወይም የሰካው መሣሪያ ከፊቱ ሲሰወርበት፥ ጥፋቱን ከራሱ፥ ከገመዱ ወይም ከመሣሪያው ላይ ይፈልጋል። እውነተኛው ምክንያት ግን ሳይጠየቅ አብሮ የገባ፥ ባለቤቱ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ጥቅል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት፥ «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለው፥ ታሪኩን ከመነሻው መመልከት ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና መሥራት ጀመሩ። ከዩኒክስ የወጣው ትልቁ ትምህርት፥ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ነገር ብቻ እንዲሠራ፥ ያንኑም አሳምሮ እንዲሠራ፥ ትንንሾቹም ፕሮግራሞች እየተቀጣጠሉ ትልቁን ሥራ እንዲፈጽሙ የሚል ነበር። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን፥ ማንኛውም ሰው በነጻነት ሊጠቀምበት፥ ሊያጠናውና ሊያሻሽለው የሚችል፥ ዩኒክስን የመሰለ ስርዓት ለመሥራት አስቦ ጂኤንዩ የተባለውን ሥራ አወጀ። ከስምንት ዓመት በኋላ በኦገስት 25 ቀን 1991፥ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የ21 ዓመቱ ወጣት ሊኑስ ቶርቫልድስ አዲስ ስርዓት በመሥራት ላይ መሆኑን አስታወቀ። ይኸውም ሊኑክስ ተባለ።

ነገር ግን ቶርቫልድስ የሠራው ከርነል የሚባለውን የስርዓቱን አስኳል ብቻ ነበር። አስኳሉ ብቻውን ለተራ ሰው የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ትእዛዝ የሚቀበል፥ ጽሑፍ የሚያርም፥ ፋይል የሚገለብጥ፥ መስኮት የሚከፍት ሌላ ሌላ ፕሮግራም ያሻዋል። ስለዚህ ይህን ሁሉ ሰብስቦና አስማምቶ ለተጠቃሚው የሚያቀርብ ሰው ወይም ማኅበር አስፈለገ። «ስርጭት» የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ፍላጎት ነው። የስርጭት አዘጋጅ ሥራው ሌላው ሰው ምን እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ መገመት ነው፤ ግምት ባለበት ዘንድ ደግሞ ትርፍና ጉድለት አይጠፋም።

በ1992 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የኮምፒዩተር ማዕከል አንድ አነስተኛ ስርጭት ተዘጋጀ፤ በዚያው ዓመት ፒተር ማክዶናልድ ኤስኤልኤስ የተባለውን ሰፋ ያለ ስርጭት አወጣ። ኤስኤልኤስ ብዙ ተጠቃሚ አገኘ፥ ስሕተቱም ብዙ ነበር። በዚህ ያልተደሰቱ ሁለት ወጣቶች በ1993 የየራሳቸውን መንገድ ያዙ። ፓትሪክ ቮልከርዲንግ በጁላይ ወር ስላክዌርን አወጣ፤ ኢያን መርዶክም በኦገስት ወር ደቢያንን መመሥረቱን አስታወቀ። ያ ዘመን የፍሎፒ ዲስክ ዘመን ነበር። አንዱ ዲስክ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለ ነበረ፥ ስላክዌር ፕሮግራሞቹን በፊደል በተለዩ ክፍሎች መድቦ ያቀርብ ነበር፤ የሚያስፈልገው ሰው የሚያስፈልገውን ክፍል ዲስኮች ብቻ ይገለብጣል። ሥራው አድካሚ ነበር። ሆኖም ዲስኩን አንድ በአንድ በእጁ የሚያስገባ ሰው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ምን እንደ ገባ አያጣውም ነበር። ቍጥብነቱ ከጠባይ ሳይሆን ከዕቃው ጥበት የመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ይህን ቍጥብነት አስቀሩት። አንደኛው የሲዲ መምጣት ነው። አንድ ሲዲ 650 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፥ ወደ 450 ከሚጠጉ ፍሎፒዎች ጋር የሚተካከል ሆነ። ሁለተኛው ጥቅሎችን በዝምድናቸው የሚያስተዳድር ጥበብ መገኘቱ ነው። የደቢያን አዘጋጆች እያንዳንዱ ጥቅል ያለ እርሱ የማይሠራውን ሌላ ጥቅል በስም እንዲጠራ ደነገጉ፤ ሬድ ሃትም አርፒኤም የተባለውን የራሱን ዘዴ አወጣ። በደቢያን ሥርዓት ዝምድናው ደረጃ አለው። ያለ እርሱ ምንም የማይሆን «ግድ» አለ፤ ከጥቂት ሰዎች በቀር ለሁሉም ይጠቅማል ተብሎ የሚገመት «የሚመከር» አለ፤ ቢኖር መልካም ነው የሚባል ደግሞ አለ። በፌብሩዋሪ 2009 ደቢያን 5.0 ሲወጣ፥ አፕት የተባለው የጥቅሎች አስተዳዳሪ የሚመከሩትንም ሁሉ ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ አብሮ እንዲጭን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አንድ ፕሮግራም የጠየቀ ሰው ከነቤተሰቡ ይቀበለዋል፤ ቤተሰቡ ደግሞ የራሱን ዘመዶች ይዞ ይመጣል።

በዚህ መካከል በኦክቶበር 2004 ኡቡንቱ ብቅ አለ። መሥራቹ ማርክ ሻትልዎርዝ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው፤ ስሙም በደቡባዊው አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነትን የሚያመለክት ቃል ነው። ኡቡንቱ ሥራውን ሁሉ በአንዲት ሲዲ ጠቅልሎ አቀረበ፤ እስከ 2011ም ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን ያለ ዋጋ በፖስታ ይልክ ነበር። ኢንተርኔት ቀጭን በሆነበት አገር የሚኖር ተማሪ ይህ ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደ ነበረ ያውቀዋል። ጀማሪው መልሱን የማያውቀው ጥያቄ እንዳይቀርብለት ተብሎ፥ ምርጫው አስቀድሞ ተመርጦለታል። ይህ ርኅራኄ እንጂ ክፋት አልነበረም። ቢሆንም ያልመረጠው ሰው የተመረጠለትን አያውቅም፤ ችግርም በመጣ ጊዜ ወዴት እንደሚመለከት አያውቅም።

ትርፍ ጥቅል የሚያመጣው ጉዳት መጀመሪያ በጉልህ የታየው በጃንዋሪ 2001 ነው። በዚያ ወር ራመን የተባለ ትል በሬድ ሃት ሊኑክስ 6.2 እና 7.0 ኮምፒዩተሮች ላይ ተሰራጨ። ትሉ የገባው የፋይል ማስተላለፊያ፥ የፋይል መጋሪያና የኅትመት አገልግሎቶች በነበረባቸው ቀዳዳ ነው። ለቀዳዳዎቹ ማረሚያ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ባለቤቶች እነዚህ አገልግሎቶች በቤታቸው ውስጥ እንደሚሠሩ ስላላወቁ ማረሚያውን የሚፈልጉበት ምክንያት አልነበራቸውም። አታሚ የሌለው ሰው በኅትመት አገልግሎት በኩል ተጠቃ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ከዚህ በኋላ የስርጭት አዘጋጆች ያልተፈለገ አገልግሎት ተዘግቶ እንዲቆይ ማድረግን ተማሩ። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሌላው የዩኒክስ ዘር ይህንኑ መንገድ ቀደም ብሎ ይዞት ነበር።

ትሉ ያስተማረው ትምህርት ግን ለጠላት የሚሆን እንጂ ለወዳጅ የሚሆን አልነበረም። ማንንም ለማጥቃት ሳያስብ፥ ሥራውን በቅንነት እየሠራ፥ የሌላውን ሥራ የሚያሰናክል ጥቅልስ ምን ይባላል? ለዚህ ቀላሉ ምሳሌ ሞደም ማኔጀር ነው። ይህ ፕሮግራም በተንቀሳቃሽ ስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያገኝ ሰው ሞደሙን በሰካ ጊዜ ያለ ችግር እንዲገናኝ የተዘጋጀ ነው። ሞደም መሆኑን ለማወቅ ግን በሲሪያል መስመር ለሚመጣው መሣሪያ አስቀድሞ ጥያቄ ይልክ ነበር፤ ጥያቄውም ሄይስ የተባለው ኩባንያ በ1981 ባወጣው ሞደም የተጀመረው የትእዛዝ ቋንቋ ነው። በ2005 በጣሊያን በኢቭሬያ ከተማ አርዱኢኖ የተባለው የመማሪያ ሰሌዳ ተፈጠረና ከጊዜ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ተሰራጨ፤ እርሱም ከኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገረው በዚሁ ዓይነት መስመር ነው። ተማሪው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ሰሌዳው ሊልክ ሲሞክር፥ ሞደም ማኔጀር ቀድሞ ገብቶ «ሞደም ነህን?» እያለ ሲጠይቅ ያገኘዋል። ተማሪው የሚያየው መልእክት ግን መሣሪያው ሥራ ላይ ነው የሚል ብቻ ነው። በማን ሥራ ላይ እንደ ሆነ አይነግረውም።

መልእክት ኖሮ ትርጕሙ የማይገባበት ጊዜም አለ። በ2012 በወጣው ኡቡንቱ 12.04 አፖርት የተባለው የብልሽት ዘጋቢ ለሁሉም ተጠቃሚ ተከፍቶ ቀረበ። ብዙ ሰዎች ኮምፒዩተራቸውን ሲከፍቱ በአንድ የስርዓት ፕሮግራም ላይ ችግር መገኘቱን የሚገልጽና ለአዘጋጆቹ ይነገር እንደ ሆነ የሚጠይቅ ትንሽ መስኮት ብቅ ይልባቸው ጀመር። የትኛው ፕሮግራም እንደ ሆነ፥ ጉዳቱ ምን እንደ ሆነ፥ ምን መደረግ እንዳለበት መስኮቱ በግንባሩ አይናገርም ነበር። ሕመሙን ሳይናገር «ታመሃል» ብሎ እንደሚሄድ ሐኪም ያለ ነው።

የዚህ ታሪክ ዋናው ምዕራፍ የተጻፈው ግን በኤፕሪል 21 ቀን 2022 ኡቡንቱ 22.04 በወጣ ጊዜ ነው። አዲሱን ስርዓት የጫኑ ብዙ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ርካሽ የመማሪያ ሰሌዳቸውን ሲሰኩ፥ መሣሪያው ለቅጽበት ታይቶ ወዲያው ይጠፋ ጀመር። ፕሮግራም የሚልኩበት መሣሪያ የሚለው ወደቡ አልተገኘም ብቻ ነው። አንዱ ገመዱን ለወጠ፤ ሌላው ድራይቨር ፍለጋ ወጣ፤ ሌላው ፈቃድ የተነፈገው መስሎት የተጠቃሚ መብቱን ደጋግሞ አሻሻለ። ሰሌዳውን የተበላሸ መስሎት የጣለም አይታጣም። የከርነሉን መዝገብ ገልጦ ያነበበ ሰው ግን በዚያ አንድ ያልጠበቀውን ስም አገኘ፤ ስሙም ቢአርኤልቲቲዋይ የሚል ነበር።

ቢአርኤልቲቲዋይ ከ1995 ጀምሮ በነጻ ፈቃድ ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም ነው። ተግባሩ በኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ወስዶ በብሬል መሣሪያ ላይ እንደ ነጠብጣብ ማውጣት ነው፤ ዓይነ ስውሩም በጣቱ ዳስሶ ያነበዋል። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ1829 ያሳተመው ፊደል በዚህ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል ማለት ይቻላል። እንግዲህ የብሬል አንባቢ ከመማሪያ ሰሌዳ ጋር ምን አገናኘው?

መልሱ በመለያ ቍጥር ላይ ይገኛል። ማንኛውም የዩኤስቢ መሣሪያ በተሰካ ጊዜ የሠሪውን ቍጥርና የዕቃውን ቍጥር ለኮምፒዩተሩ ይናገራል፤ ስርዓቱም ቍጥሩን ከደንብ መጽሐፉ ጋር አስተያይቶ የሚመለከተውን ፕሮግራም ይጠራል። በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1931 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፥ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በነጻ የሚያውስ አገልግሎት አለ። ይህ አገልግሎት በቅርብ ዓመታት ለአባሎቹ ማዋስ ከጀመራቸው ሁለት ዓይነት የብሬል ማንበቢያዎች አንደኛው፥ 20 የብሬል ፊደል በአንድ ጊዜ የሚያሳየው፥ በውስጡ ሲኤች 340 የተባለውን በቻይና የሚሠራ ርካሽ ቺፕ ይዟል። የማንበቢያው ሠሪ ለመሣሪያው የራሱን ቍጥር አላወጣለትም፤ ቺፑ ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ቍጥር ይናገራል። ያው ቺፕ፥ ከነዚያው ቍጥር፥ እጅግ ብዙ በሆኑ ርካሽ የመማሪያ ሰሌዳዎች ላይም ይገኛል። ስለዚህ ሰሌዳው በተሰካ ጊዜ ከርነሉ ትክክለኛውን ድራይቨር ይሰጠዋል፤ ወዲያው ደግሞ የደንብ መጽሐፉ ቢአርኤልቲቲዋይን ይጠራዋል፤ እርሱም ብሬል የመጣ መስሎት ድራይቨሩን አላቅቆ መሣሪያውን ለራሱ ይወስደዋል። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ደብዳቤ እንደሚጣሉ ሆነ።

ምክንያቱ በታወቀ ጊዜ መድኃኒቱ ከአፍ ለአፍ ፈጥኖ ተዛመተ፤ ቢአርኤልቲቲዋይን አስወግዱት የሚል ነበር። በእርግጥም አንዲት ትእዛዝ ብቻ ትበቃ ነበር፤ ሰሌዳው ወዲያው ይታያል። ነገር ግን ይህን ምክር ከሰጡት ሰዎች ብዙዎቹ የሚወገደው ጥቅል ምን እንደሚሠራና ለማን እንደሚሠራ አልተናገሩም። ሰሚውም አልጠየቀም፤ ትርፍ መሆኑ ብቻ በቃው።

በዚህ ስፍራ አስተዋይ ሰው ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ዓይን ያለው ሰው የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ስርዓቱን ከጫነ በኋላ ፈልጎ ሊጨምር ይችላል። ዓይነ ስውሩ ግን የብሬል ፕሮግራሙ አስቀድሞ ካልተገኘ፥ ብሬሉን ለመጫን የሚያስፈልገውን ገጽ ራሱን ሊያነበው አይችልም። ቁልፉ በተቈለፈው ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። የደቢያን ጫኝ ፕሮግራም የተሰካውን የብሬል መሣሪያ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እንዲያውቅ የተደረገው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ለብዙዎች ትርፍ የሆነው ጥቅል ለጥቂቶች በር ነው፤ ጥቂቶቹም ያለ ሰው ርዳታ በገዛ እጃቸው የሚገቡበት ሌላ በር የላቸውም።

ይህ ነገር ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያም ወዲህ ኡቡንቱ በተለያዩ እትሞቹ አቢሲኒካ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ሳይጠየቅ አብሮ ሲጭን ቆይቷል። በሌላ አገር የሚኖርና ግዕዝን የማያነብ ሰው ኮምፒዩተሩን ለማቅለል በሚያዘጋጀው የትርፍ ጥቅሎች ዝርዝር ውስጥ ከላኦስ፥ ከካምቦዲያና ከቲቤት ፊደሎች ጋር ይህንንም ይጽፈዋል። ለእርሱ ልክ ነው፤ ከራሱ ኮምፒዩተር ቢሰርዘው ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን አዘጋጆቹ የእርሱን ፍርድ ለሁሉም ፍርድ አድርገው ቢወስዱት ኖሮ፥ አዲስ ስርዓት ጭኖ የአማርኛ ጽሑፍ የከፈተ ተማሪ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ያይ ነበር። ስለዚህ «ትርፍ» የሚለው ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ለማን ትርፍ ነው የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተለዋል።

ታሪኩ የሚያስረዳው፥ ስሕተቱ የእንግዳው ጥቅል መኖር ሳይሆን፥ ጥቅሉ ከድርሻው አልፎ መውሰዱና ሲወስድም አለመናገሩ መሆኑን ነው። መፍትሔውም በዚሁ መንገድ መጥቷል። የሞደም ማኔጀር አዘጋጆች ፕሮግራሙ ያገኘውን መሣሪያ ሁሉ እንዳይጠይቅ፥ ሞደም የመሆን ምልክት ያለውን እንዲለይ ጥንቃቄ ጨመሩበት። የቢአርኤልቲቲዋይ አዘጋጆችም የብሬል መሣሪያ ብቻ የሆነውን ቍጥር ከጋራ ቍጥሮች ለይተው በሁለት የደንብ መጽሐፍ አስቀመጡት፤ የጋራው ቍጥር ለብቻው ሊዘጋ የሚችል ሆነ። ኡቡንቱም በ2018 በወጣው 18.04 አነስተኛ ተከላን በምርጫ አቀረበ፤ በኦክቶበር 2023 በወጣው 23.10 ደግሞ አነስተኛውን ዋነኛ አድርጎ፥ ሰፊውን ለሚፈልግ በምርጫ ተወው። የፍሎፒው ዘመን ቍጥብነት፥ በዚያን ጊዜ በግድ የነበረው፥ አሁን በፈቃድ ተመለሰ ማለት ነው።

ለመምህራን የሚቀረው የሥርዓት ትምህርት ነው። የተማሪው መሣሪያ በተሰወረ ጊዜ አስቀድሞ የሚነበበው የከርነሉ መዝገብ ይሁን፤ በቢአርኤልቲቲዋይ ጊዜ የጥፋቱ ባለቤት ስሙ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በዚያ ተጽፎ ነበር። ቀጥሎ የተገኘው ስም ምን ዓይነት ጥቅል እንደ ሆነ መግለጫው ይነበብ። ከዚያ በኋላ ብቻ ይፈረድ። ኮምፒዩተሩ የአንድ ሰው ከሆነና ጥቅሉ ለእርሱ ካልጠቀመ ያስወግደው፤ መብቱ ነው። ኮምፒዩተሩ የትምህርት ቤት ከሆነ ግን፥ የተጋጨችውን አንዲት ደንብ ብቻ መዝጋትና ጥቅሉን በስፍራው መተው ይሻላል፤ በሚመጣው ዓመት በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ተማሪ በጣቱ የሚያነብ ሊሆን ይችላልና።

ከሌላ ሰው የሰማውን ትእዛዝ ሳያነብ የሚጽፍ ተማሪ ሰሌዳው ቢሠራለትም የተማረው ነገር የለም። መዝገቡን አንብቦ፥ ስሙን አግኝቶ፥ ስለ ማን እንደ ተቀመጠ ጠይቆ የወሰነ ተማሪ ግን፥ ስለ ኮምፒዩተርም ስለ ሰውም አንድ ነገር ተምሯል። ስንቁን የሚያቀል መንገደኛም ከመጣሉ በፊት ከረጢቱን ይፈታል፤ ከውስጡ ያለው የጓደኛው እንደ ሆነ ያያል።